ኮሶ ምስጢር አልነበረም

ስለ አገራችን መድኃኒት ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ አባባል ሳይጠራ ይመጣል፦ «አባቶቻችን ያልደረሱበት አልነበረም፤ ምን ያደርጋል፣ ምስጢሩን ይዘውት ተቀበሩ።» ቀጥሎ ብራና ይነሳል፤ ከብራናው ቀጥሎ ፈረንጅ፤ ከፈረንጁ ቀጥሎ ስርቆት። ተናጋሪው የድጓ ሊቅም ይሁን የፋርማሲ ምሩቅ፣ ቦታው ታክሲ ውስጥም ይሁን ለቅሶ ቤት፣ ጨዋታው ያው ነው። የአበሻ መድኃኒት ማለት የተሰወረ ነገር ማለት ሆኗል፤ ክብሩም የሚለካው በመሰወሩ ልክ ነው። የሚያደንቁትም የሚንቁትም እዚህ ላይ አይለያዩም። አድናቂው «ረቂቅ ጥበብ ነው» ይላል፣ ናቂው «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» ብሎ ያልፈዋል፤ ሁለቱም የሚያዩት ያንኑ በጨርቅ የተቋጠረ፣ ስሙ የማይነገር ዱቄት ነው።

እኔ ይህ እምነት ከታሪኩ ጋር አይገጥምም ባይ ነኝ። ከዚህ አገር ደንና ጫካ ወጥተው ዓለም ያወቃቸው ትልልቆቹ መድኃኒቶች ምስጢር አልነበሩም፤ ልጅ አዋቂው፣ ጌታው ሎሌው የሚያውቃቸው ነበሩ። በምስጢር የተያዙት ደግሞ አብዛኞቹ ወይ ከባለቤታቸው ጋር ጠፍተዋል፣ ወይ ይሥሩ አይሥሩ ሳይታወቅ ቀርተዋል፣ ወይ ሰው ጎድተዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን በሽተኛውን እንገስጻለን፤ መድኃኒቱን የደበቀውን ግን «አዋቂ» ብለን እጅ እንነሳለን።

ከኮሶ ልጀምር። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ ከኮሶ ትል ጋር ጎረቤት ሆኖ ይኖራል፤ እኛም ለዘመናት እንዲያ ነው የኖርነው። መድኃኒቱ ደግሞ ደጋ ላይ፣ ብርዱ በሚበረታበት ከፍታ፣ ረጅም የአበባ ዘለላውን አንጠልጥሎ ይቆማል። ዛፉ ወንድና ሴት አለው። የሚፈለገው የሴቴው አበባ ነው፤ ቀላ ያለው። ዘለላው ተቆርጦ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውኃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፣ ጎሕ ሲቀድ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ምሬቱን ላልቀመሰ «እንደ ኮሶ መረረኝ» የሚለው አነጋገር ይበቃዋል። አፍንጫ ተይዞ ነው የሚጨለጠው፤ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ ቁርጠት፣ ከዚያ ጓሮ።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ ይህን ዛፍ አየ፣ ሥዕሉን አሠራ፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥም አበባውን ከነአወሳሰዱ ገለጸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ለዚህ ሰው ማን ነገረው? ስንት ወርቅ ከፍሎ ነው ያወቀው? ምንም። ያየውን ነው የጻፈው። አገሩ ሁሉ ይጠጣው ነበርና ለመደበቅ ቢፈለግም አይቻልም ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡ ተጓዦችም ሰው በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ኮሶ ይወስድ እንደነበር እየደጋገሙ ጽፈዋል። የኮሶ ቀን የታወቀ ቀን ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው እንግዳ አይቀበልም፤ ደጅ የመጣውም «ኮሶ ጠጥተዋል» ሲባል ቅር ሳይለው ይመለሳል። ሆዱን ማጠቡን አገር እንዲያውቅለት የሚያደርግ ሕዝብ ስለ መድኃኒቱ ምን ምስጢር ኖሮት ነው?

የኮሶ ዕውቀት «ይህ አበባ ትል ያስወጣል» ከሚለው ያለፈ ነበር። ከየትኛው ዛፍ፣ በምን ጊዜ፣ ምን ያህል እፍኝ፣ ለአቅመ ደካማ ስንት፣ ለልጅ ስንት፤ ነፍሰ ጡር ደግሞ ጭራሽ እንዳትቀምሰው። ይህን ሁሉ ከእናት ልጅ፣ ከጎረቤት ጎረቤት ይቀባበለው ነበር። ኮሶ የዋዛ ነገር አይደለም። ሲበዛ ይጎዳል፤ ከልክ በላይ ጠጥተው የዓይናቸው ብርሃን የተጎዳ ሰዎች መኖራቸውን ሐኪሞች መዝግበዋል። እንዲህ ያለ ኃይለኛ ነገር በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ለዘመናት እየጠጣው መኖር የቻለው ልኩን ሁሉም ስለሚያውቀው ነው። አንዷ እናት አብዝታ ስትበጠብጥ ሌላዋ «ተይ፣ ይህ ለእሱ ይበዛዋል» ትላለች። ይህች «ተይ» የምትባለዋ ቃል የምትገኘው ሁሉም በሚያውቀው መድኃኒት ላይ ብቻ ነው። በምስጢር ላይ ማን «ተው» ይላል?

አውሮፓም የደረሰው እንደዚሁ በግልጽ መንገድ ነው። በቁስጥንጥንያ ይኖር የነበረ ብሬየር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም አበባው ሲሠራ አይቶ ወደ ፓሪስ ላከው፤ የዕፅዋት ሊቁ ኩንትም በ1820ዎቹ ዛፉን በሐኪሙ ስም ሰየመው። በኋላ ወደ ሸዋ የመጣው ሮሼ ዴሪኩር በ1840ዎቹ ኮሶ ጭኖ ተመለሰ፤ አበባው በፓሪስና በለንደን መድኃኒት ቤቶች በውድ ይሸጥ ጀመር። በ1864 በወጣው የብሪታንያ ይፋዊ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥም በገዛ ስሙ ሊባል በሚችል አጠራር፣ «ኩሶ» ተብሎ ገባ። ጎንደር ላይ በነጻ የሚቆረጥ አበባ ለንደን ላይ በወቄት ሲሸጥ ያተረፈው ነጋዴው ነው፤ እሱን አልክድም። ነጋዴው ያተረፈው ግን የተሰወረ ጥበብ ሰብሮ ገብቶ ስላገኘ አይደለም። እኛ መላክ፣ መሸጥ፣ ዋጋ መቁረጥ ስላልጀመርን ነው። የንግድ ጉድለትን የምስጢር መደፈር አድርጎ ማልቀስ ራስን ማታለል ነው።

ከኮሶ ሌላም ነበር። እንቆቆ፣ መተሬ፣ ቀጨሞ፣ ሙሰና፤ ሁሉም ለዚያው ትል። ኮሶ የማይበቅልበት ቆላ የሚኖረው ሰው የራሱ ዕፅ ነበረው፣ ገበያም ይወጣ ነበር። በገበያ ቁና ተሰፍሮ የሚሸጥን ነገር ምስጢር ማለት ይከብደኛል።

ስለ ዳማከሴና ጤና አዳም ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አንባቢ ከእኔ በላይ ያውቃቸዋል። ምች የመታው ሰው ዳማከሴውን በመዳፉ አሽቶ ያሸታል፣ ጭማቂውን ቡና ላይ ጠብ ያደርጋል፤ ማንንም ደብተራ አያስፈቅድም። «ከሕዝባችን 80 በመቶው በባህል መድኃኒት ይገለገላል» የምትባለዋ ቁጥር በየስብሰባው ትነሳለች፤ ማን፣ የት፣ መቼ ቆጥሮ እንዳገኛት ሲጠየቅ የሚመልስ አላጋጠመኝም። ግን እውነት ትሁን እንበል። ይህ 80 በመቶ የሚጠቀመው ምኑን ነው? ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ግዛዋ። የብራና ምስጢር 80 በመቶ አይደርስም፤ ከደረሰማ ምስጢር አይደለም።

ወደ እንዶድ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የምስጢር ወገኖች አብዝተው የሚጠቅሱት እንዶድን ነውና። እንዶድ ሳሙና ነው። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ በውኃ ሲመታ አረፋ ይደፍቃል፣ ነጠላና ጋቢ ያነጣል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ወጣት ተመራማሪ አድዋ ላይ የቢልሃርዚያን ነገር ያጠኑ ነበር። ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ትል ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ በኩል ነው። አክሊሉም ወንዙ ዳር ቀንድ አውጣ ሲፈልጉ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። አረፋው ገድሏቸዋል። ከዚህች እይታ የሠላሳ ዓመት ምርምር ወጣ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ ከእንዶድ የተለየው ንጥረ ነገርም «ለማቶክሲን» ተባለ፤ በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

አሁን ልብ በሉ። አክሊሉ ወንዝ ዳር ያዩት የሴቶች አደባባይ ነው። ልብስ አጣቢዎቹ እንዶዱን በጨለማ፣ ሳይናገሩ፣ ጥላቸውን ሳይጥሉ የሚነቅሉ አዋቂዎች ቢሆኑ ኖሮ አክሊሉ ምን ያዩ ነበር? እንዶዱ ሥራውን በጠራራ ፀሐይ ስለሠራ ነው የታየው። ቅሬታ ካለኝ፣ እነዚያ ሴቶች በአንድም መዝገብ በስማቸው አለመጠራታቸው ነው። ይህ ደግሞ የማስታወስ እንጂ የመደበቅ ጉዳይ አይደለም።

«ታዲያ አሜሪካኖቹስ?» ይባላል። እውነት ነው፤ በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቱቦ እየደፈነ ያስቸገረውን ዜብራ የሚባል ባለዛጎል ፍጡር እንዶድ እንደሚገድለው ከታየ በኋላ፣ በ1990ዎቹ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ፓተንት አወጣበት። ያስቆጫል። ወደዚህ እመለሳለሁ። አስቀድሞ ግን ምስጢር የተባለውን ዓለም ራሱን እንየው።

የመድኃኒት ብራና የሚባለውን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አንድ ገጽ ላይ የሆድ ቁርጠት፣ የእብድ ውሻ፣ የመስተፋቅር፣ የጠላት ማባረሪያና የትምህርት መግለጫ ጎን ለጎን ይገኛሉ። የአሠራሩ መመሪያ የዕፁ ስም፣ የሚነቀልበት ቀን፣ የሚደገመው ጸሎት፣ የዶሮው ቀለም ነው። ልኩ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ከእነዚህ ውስጥ የሚያድነው የቱ ነው? ሥሩ? ቀኑ? ዶሮው? ጸሐፊውም አያውቀውም፤ ሊያውቅም አይችልም፤ ምክንያቱም ለማወቅ ሌላ ሰው ያለ ዶሮው ሞክሮት «ያለ ዶሮውም ይሠራል» ብሎ መንገር ነበረበት። ያ ሌላ ሰው ደግሞ እንዳይኖር ተደርጓል።

ደግሞስ ከማን ነው የተደበቀው? ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ በ1930 ፓሪስ ላይ አሳትሞታል። ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲን ደግሞ የአማርኛና የግዕዝ የመድኃኒት ጽሑፎችን ሰብስቦ፣ ተርጉሞ፣ የዕፅዋቱን ስም ከሳይንሳዊ ስማቸው ጋር እያገናዘበ የመጀመሪያውን ቅጽ በ1968፣ ሁለተኛውን በ1973 አውጥቷል። ከአንድ ትውልድ በላይ ሆነው። ምስጢሩ ዛሬ የሚጠበቀው ፈረንሳይኛ ከማያነብ የደብረ ታቦር ገበሬ ነው ማለት ነው። ፓሪስ ያለ ተማሪ ከቤተ መጻሕፍት አውጥቶ የሚያነበውን የብራናው ባለቤት የልጅ ልጅ «አይነገርም» ይባላል። ይህን ጥበቃ የሚል ሰው ቁልፉን ለሌባ ሰጥቶ በሩን ከልጆቹ ላይ የሚዘጋ ነው።

ምስጢር ሰው ሲጎዳ ማየት ከተፈለገ አብሾ አለ። የቆሎ ተማሪ ትምህርት እንዲገባው፣ የሰማውን እንዳይረሳ የሚቀምሰው መጠጥ ነው፤ ከአስተናግር ፍሬ ይሠራል ይባላል። ስንቱ ጎበዝ ተማሪ አብሾ ጠጥቶ እንደተበላሸ የየደብሩ ሰው ያወራል። አስተናግር አዕምሮ የሚያቃውስ፣ ያልነበረ የሚያሳይ፣ ሲበዛ የሚገድል መርዝ ያለበት ዕፅ ነው። ይህን መጠጥ ሁሉም የሚያውቀው፣ ሁሉም የሚያየው ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ተማሪ ሲያብድ የሁለተኛው እናት ቀርባ «ልጄን እንዳትነኩ» ትል ነበር። ምስጢር በመሆኑ ግን ያበደው በራሱ ድክመት እንዳበደ ተቆጠረ፤ «አልቻለውም» ተባለ። ጎጂው መድኃኒት ንጹሕ፣ ተጎጂው ጥፋተኛ። እግረ መንገዴን ልበልና፣ ይህ ከጥንት ከአክሱም ጀምሮ የመጣ ረቂቅ ጥበብ እየተባለ የሚወራለት ዕፅ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ወደ እኛ የአህጉር ክፍል የተሻገረው ኮሎምበስ በ1492 መንገዱን ከከፈተ ወዲህ ነው።

የእብድ ውሻ መድኃኒት ጉዳይም ከዚህ አይርቅም። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው በሽታው አንዴ አዕምሮው ላይ ከወጣ አይድንም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ መከተብ ግን ያድናል። ይሁን እንጂ የነከሰ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም፤ ያበደው የነከሰው ሁሉም አይያዝም። ስለዚህ በየገጠሩ ያለው ባለ ምስጢር ውሻ ከነከሳቸው ሰዎች አብዛኞቹን «ያድናል»፤ የሞቱት ደግሞ ዘግይተው መጡ፣ ሴት ነክተው መጡ፣ ወንዝ ተሻገሩ ይባላል። ይህን ስሌት የሚያፈርሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ምን ዕፅ እንደሆነ፣ ለማን እንደተሰጠ፣ ምን እንደሆኑ ተጽፎ መታየት። እሱ ደግሞ ምስጢርን መስበር ነው።

ሆስፒታል ውስጥም ያው ነው። ጉበቱ የተጎዳ ሰው ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ይመጣል። ሐኪሟ «የሀገር መድኃኒት ወስደሃል?» ትለዋለች። መጀመሪያ «ኧረ በጭራሽ!» ይላል። አስታማሚው ኮሪደር ላይ በሹክሹክታ «ጠጥቷል» ይላታል። ምን ጠጣ? «በወረቀት የተቋጠረ ዱቄት ነው፤ ስሙን አልነገሩንም።» ከዚህ በኋላ ሐኪሟ በጭለማ ነው የምትዳብሰው። ኮሶ ጠጥቶ የታመመ ሰው ግን «ኮሶ ነው» ይላል፤ ከየት እንደተቆረጠም ይናገራል።

ደግሞ «ከተነገረ ይረክሳል፣ ኃይሉን ያጣል» የሚለው አለ። ይህን የሚሉኝን ሰዎች በአክብሮት አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፦ ኮሶ ለስንት ሰው ተነገረ? ለአገር ሁሉ፤ ለብሩስ፣ ለፓሪስ፣ ለለንደን። ረከሰ? ትሉን የሚያሽረው ላመነበትም ለቀለደበትም እኩል ነበር። በመነገሩ ኃይሉ የሚጠፋ መድኃኒት ካለ፣ ድሮውንም ኃይሉ ከዕፁ አልነበረም።

ወደ ስርቆቱ ልመለስ፤ ከባዱ ክርክር እሱ ነውና። «ብንገልጠው ይወስዱብናል» ይባላል። ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም አልልም። ግን እስቲ ሌሎች ምን አደረጉ? በ1995 የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል እርድ ቁስል ያድናል በሚል በአሜሪካ ፓተንት አገኘ። እርድን! የሕንድ እናቶች ከጥንት ጀምሮ ቁስል ላይ የሚነሰንሱትን። ሕንዶች ምን አቀረቡ? የተሰወረ ነገር አላቀረቡም፤ የሳንስክሪት መጻሕፍትንና በ1953 በሕክምና መጽሔታቸው የታተመ ጽሑፍ አቀረቡ። «ይኸው፣ ከእናንተ በፊት ተጽፏል፣ ታውቋል» አሉ። በ1997 ፓተንቱ ተሰረዘ። የኒም ዛፍ ፓተንትም በአውሮፓ በ2000 በተመሳሳይ መንገድ ወደቀ፤ ይግባኙም በ2005 ውድቅ ሆነ። ሕንድ ከዚህ ተምራ ከ2001 ጀምሮ ጥንታዊ የመድኃኒት ዕውቀቷን በዲጂታል መዝገብ ሰብስባ የፓተንት መርማሪዎች እንዲያዩት አደረገች። የሚሰርቅ ሰው አዲስ አገኘሁ ማለት አለበት፤ አስቀድሞ ተጽፎ የታወቀን ነገር አዲስ ማለት አይችልም። የእኛው ጤፍም በኔዘርላንድ ኩባንያ ፓተንት ተይዞ ኖሮ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን ውድቅ ያደረገው ምስጢር ስለተጠበቀ አይደለም፤ የታወቀን ነገር አዲስ ግኝት ማለት አይቻልም ተብሎ ነው። ያልተነገረ፣ ያልተጻፈ፣ በአንድ አዛውንት ልብ ውስጥ ያለ ዕውቀት ቢሰረቅ ግን ሌባውን በምን ማስረጃ ትከሱታላችሁ? ሽማግሌው ሞተዋል። ብራናው የለም። ሌባው ደግሞ ወረቀት አለው።

የራሳችን ሕግም ከምስጢር ወገን አይደለም። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482 በ1998 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ዕውቀቱ ታትሞ ወይም ተነግሮ መውጣቱ ብቻውን የማኅበረሰቡን መብት እንደማያስቀር ደንግጓል። ጽፋችሁ አውጡ፣ መብታችሁ አይጠፋም ማለቱ ነው። የቶሌዶው እንዶድ የጎዳን ሴቶቹ በአደባባይ ስላጠቡ አይደለም። ያኔ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረንም፤ አክሊሉ ለዓመታት በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚታመን የመርዛማነት ፍተሻ እያሉ ሲያመላልሷቸው አገር ውስጥ ከኋላቸው የቆመ ፋብሪካም ገንዘብም አልነበረም። ይህን ጉድለት በዝምታ መሙላት አይቻልም።

ሌላው፣ እኔ ራሴ የማከብረው መቃወሚያ የእንጀራ ጉዳይ ነው። አዋቂው ዕፁን ከነገረ ማን ይከፍለዋል? ለዚህ ወጌሻን ተመልከቱ። ወጌሻ የሚሠራው ግቢ ውስጥ፣ ጎረቤት ከብቦት፣ ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው እያዩት ነው። እጁን የት እንደሚያሳርፍ፣ እንዴት እንደሚስብ፣ በምን እንደሚያስር ሁሉም ያያል። ያየ ሁሉ ግን ወጌሻ አልሆነም፤ ወጌሻም ሥራ አልፈታም። ሰው የሚከፍለው ለእጁ ነው። የዕፅ አዋቂም እንዲሁ ነው። ሕመሙን መለየት፣ ልኩን መመጠን፣ «አንተ ለዚህ አቅም የለህም፣ ሆስፒታል ሂድ» ማለት የሚያስከፍል ሙያ ነው። የዕፁን ስም ብቻ ሸሽጎ የሚኖር ሰው ግን ሙያ የለውም፤ ያለው ስም ነው፤ እሱንም አይነግርም።

በዚህ ሁሉ ላይ ዕፅዋቱ ራሳቸው እየተጎዱ ነው፤ ይህን ደግሞ የሚያነሳው ጥቂት ነው። ዳማከሴና ጤና አዳም በየጓሮው አሉ። ለምን? ሁሉም ስለሚያውቃቸው ሁሉም ይተክላቸዋል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ቅንጥብ ይቀባበላል። ቀበሪቾ ግን ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ ሆኖ ሳለ ሥሩ እየተቆፈረ መርካቶ ይወርዳል፤ ሥሩ ሲቆፈር ተክሉ አበቃ። በጓሮው ቀበሪቾ የሚያለማ ስንት ሰው ታውቃላችሁ? ጫካ ሄዶ ማንም ሳያየው የሚነቅል ሰው አይተክልም፤ ቢተክል ይታይበታል። ምስጢር ዕፅን ከዱር ያወጣል እንጂ ወደ ማሳ አያስገባም። ኮሶም ቢሆን አሁን የሚያስቸግረው የሚጠጣው ማጣቱ አይደለም፤ ለትሉ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል በእንክብል መጥተዋል። ዛፉ ለጣውላና ለቤት ዕቃ እየተቆረጠ ተመናምኖ፣ የ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ከጽድ፣ ከዝግባና ከዋንዛ ጋር በመንግሥት ደን ውስጥ እንዳይቆረጥ ከልክሎት ነበር። ጥቅሙን የሚያውቅ ትውልድ እያለፈ ሲሄድ ለዛፉ የቀረለት ዋጋ የሳንቃ ዋጋ ነው።

ዛሬ የምስጢሩን ገበያ የያዙት ድሮ ደጅ የሚጠናባቸው አረጋውያን አይደሉም። በየመብራት ምሰሶው የተለጠፈውን፣ በቴሌግራም የሚዞረውን ማስታወቂያ አንብቡት፦ ለኪንታሮት፣ ለስኳር፣ ለስንፈተ ወሲብ፣ ለመስተፋቅር፣ ለሀብት፣ ለገበያ። ስልክ ቁጥሩ ሁለት ነው፤ የዕፅ ስም አንድም የለም። እነዚህን ሰዎች ያቆማቸው «የአባቶች ምስጢር» የሚለው አክብሮታችን ነው። እውነተኛውን አዋቂና አጭበርባሪውን በምን ትለያላችሁ? ሁለቱም ዝም ይላሉ።

ስለዚህ ቁጭቱን ትተን ሥራ ብንይዝ የሚሻል ይመስለኛል፤ ሥራው ደግሞ ከባድ አይደለም። በአራት ኪሎው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ከ1959 ጀምሮ ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ አለን፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋትን የሚዘረዝረው ባለ ስምንት ቅጽ ሥራም በ2009 ተጠናቋል፤ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዕፅዋት በስማቸው ተቀምጠዋል። ለፋሲካ አገር ቤት የሚገባ ተማሪ ከአያቱ ዘንድ ቁጭ ብሎ ዕፁን ቢያሳዩት፣ ቅርንጫፉን ከነአበባው በጋዜጣ መሐል አድርቆ፣ የተቆረጠበትን ቀበሌ፣ ወቅቱን፣ ልኩን፣ ለማን እንደማይሰጥና የነገሩትን ሰው ሙሉ ስም ጽፎ ቢያመጣ፣ ከስሙ ጋር የሚያገናኘው ባለሙያ እዚያ አለ። የሰውየው ስም ከዕፁ ስም እኩል መጻፉ ግዴታ ይሁን፤ የአድዋ ሴቶች ዕጣ እንዳይደገም።

«አባባ ባይነግሩኝስ?» የሚል ይኖራል። አንዳንዶቹ አይነግሩም፤ መብታቸው ነው፣ ማስገደድ አይገባም። ብዙዎቹ ግን ያልነገሩት ስላልተጠየቁ ነው። የከተማው ልጅ ሲመጣ ስልኩን እያየ ተቀምጦ፣ ከተቀበሩ በኋላ «ምስጢሩን ይዘውት ሄዱ» ይላል። እማማ ደግሞ ያንኑ ሰሞን ከቤቱ ጀርባ ቅጠሉን እየቀጠፉ ለጎረቤት ልጅ እያጠጡ ነበር።